የወተት ጥርስ ስለሆነ ይተው ወይስ ይነቀል? ለአንዲት እናት ጥያቄ ምላሽ

እህቴ ጥያቄሽን ሁለት ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ሌሎችም እንዲገባቸው ባጭሩ ልድገመው፣ ልጅሽ 3 ዓመት ከ4 ወሩ ነው፣ የላይኛው የፊት 4 ጥርሶቹ ከድዱ አካባቢ ጀምሮ ቡኒ ሆነው እየተሸረፉ ነው፣ ከታች ደሞ አንድ መንጋጋው ላይ ቀዳዳ አይተሻል፣ ሌሊት እየተነሳ ያለቅሳል፣ የሚተኛው ስኳር ያለበት ወተት በጡጦ እየጠጣ ነው። አንዱ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል፣ ተይው» አለሽ፣ ሌላው «አስነቅለሽ ተገላገይ» አለሽ፣ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ለልጅ መርዝ ነው ያለሽም አለ። መጨረሻ ላይ «ጥፋቱ የኔ ነው ወይ?» ብለሻል። 8 ወር የሆናት ታናሽ እህቱም አለች፣ ሁለት ጥርስ አውጥታለች። እኔ የልጆች ጥርስ ሐኪም ነኝ፣ ቀኔን የማሳልፈው እንዲህ አይነት ጥርስ እያየሁ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ እሱ ልብሽ ላይ እያለ ሌላውን በደንብ አታነቢውም። ልጅሽ ሌሊት ሲያለቅስ ዝም የሚያሰኘው ወተት ነበር፣ ሰጠሽው። ሌሊት የሚሰጥ ጡጦ ጥርስ እንደሚጨርስ ማንም አልነገረሽም፣ አብዛኛው ልጅ ክብደቱ ይመዘናል፣ ቁመቱ ይለካል፣ ክትባቱን ይወስዳል፣ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ጥርሱን የሚያይለት ሰው ግን አያገኝም። እኔ ጋ ከሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ ልጁ ወንበሩ ላይ ከማልቀሱ በፊት እነሱ ያለቅሳሉ። ያላወቅሽውን ነገር ጥፋት አልለውም። ከዛሬ በኋላ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፣ እሱ ነው የሚጠቅምሽ።

ልጅሽን ሳላየው የሌሊቱ ጡጦ ነው ብዬ የጠረጠርኩት ጥርሶቹ ከተበሉበት ቦታ ተነስቼ ነው። ልጅ ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ ሲተኛ ምላሱ ወደፊት ወጥቶ የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ይሸፍናቸዋል፣ ምራቅ ከሚያመነጩት ትልልቅ እጢዎች የአብዛኞቹ ቀዳዳም እዛው ከምላስ ስር ነው፣ ስለዚ የታችኞቹ ይተርፋሉ። የላይኞቹን ግን ወተቱ ከቧቸው ያድራል፣ ከላይ ደሞ ምራቅ ብዙ አይደርስም። ከንፈሩን ገልጠሽ እዪው፣ ከላይ 4ቱ ተበልተው ከታች 4ቱ ነጭ ከሆኑ ምክንያቱ በአብዛኛው ይሄ ነው። ቀጥሎ የሚጠቃው የመጀመሪያው መንጋጋ ነው፣ ቀዳዳ አየሁ ያልሽው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጥርሱን ትል በላው ሲባል ሰምተሽ ይሆናል፣ ትል የለም። ያለው ባክቴሪያ ነው፣ በተለይ ስትሬፕቶኮከስ ሚዩታንስ የሚባለው፣ ጥርስ ላይ ተለጥፎ በምላስ ስትነኪው ሻከር የሚለውን ሽፋን ይሰራና እዛ ውስጥ ይኖራል። ስኳር ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ አሲድ ያመርታል። የጥርሱ ወለል ላይ ያለው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ በወረደ ቁጥር አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ የጥርሱ ውጫዊ ጠንካራ ክፍል፣ ኢናሜል የምንለው፣ ካልሲየምና ፎስፌት እየለቀቀ መሟሟት ይጀምራል። ከዛ ምራቅ መጥቶ አሲዱን ያጥበዋል፣ ያመክነዋል፣ የወጣውን ማዕድን ይመልሳል። ይሄ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ጥርስ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይሟሟል ትንሽ ይጠገናል፣ ጤነኛ አፍ ማለት ጥገናው የሚበልጥበት ነው። እንግዲህ እንቅልፍ ላይ ምራቅ በጣም ይቀንሳል፣ ልጁም ብዙም አይውጥም። ቀን ላይ አንድ ሰዓት የሚቆየው አሲድ ሌሊት ብዙ ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። ለዚ ነው እንዲህ በልበ ሙሉነት የምነግርሽ፣ ሌሊቱን ካላስተካከልሽ የትም ሄደሽ የምታሰሪው ሙሌት አይቆይም፣ ጠርዙ ላይ እንደገና ይበላል ወይ ቀጥሎ ያለው ጥርስ ይቦረቦራል።

ሌላው ሰው የማያምነኝ ነገር፣ ጥርስን የሚጎዳው በዋናነት የስኳሩ ብዛት ሳይሆን ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ እንደገባና ምን ያህል እንደቆየ ነው። አንድ ብስኩት ከምሳ ጋር የበላ ልጅና ያንኑ ብስኩት ከሰዓቱን ሙሉ እየቆነጠረ የበላ ልጅ እኩል ስኳር ነው የበሉት፣ የሁለተኛው ጥርስ ግን ከሰዓቱን ሙሉ አሲድ ውስጥ ነው የዋለው። ይሄን በግልጽ ያሳየው ጥናት የተሰራው እ.ኤ.አ ከ1945 ጀምሮ ስዊድን ሉንድ አጠገብ ቪፔሆልም በሚባል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ማቆያ ነው፣ እዛ የሚኖሩትን ሰዎች ፈቃዳቸውን ሳይጠይቁ በምግብ መሃል የሚጣበቅ ካራሜላ እየሰጡ ጥርሳቸው እስኪበሰብስ ተከታተሏቸው። ምግብ ላይ ስኳር የወሰዱት ብዙም አልተጎዱም፣ በመሃል በመሃል የሚጣበቀውን የበሉት ግን ጥርሳቸው አለቀ። ይሄን እውቀት ስጠቀም ሁሌም ቅር ይለኛል፣ በነዛ ሰዎች ጥርስ የተገኘ ነው። ቢያንስ ልጆቻችን ይዳኑበት።

ስለዚ ጣፋጭ የሚባለውን ከነጭራሹ ከቤት አውጪ አልልሽም። ጣፋጩ ከምግብ ጋር ይሁን፣ በመሃል ሲጠማው ውሃ ይጠጣ። ጁስ «ተፈጥሯዊ» ቢሆንም ስኳርም አሲድም አለው፣ በጡጦ ወይ በሚመጠጥ ኩባያ ይዞ የሚዞረው ከሆነ ከሁሉም የከፋ ነው። ማርም ለጥርስ ያው ስኳር ነው (ለታናሽየዋ ደሞ 1 ዓመት ሳይሞላት በፍጹም አትስጫት፣ እሱ የጥርስ ጉዳይ ሳይሆን ቦቱሊዝም የሚባለው መመረዝ ነው)። የሳል ሽሮፕና ጣፋጭ የልጆች መድኃኒቶችም አሉ፣ ማታ ሰጥተሽ የምታስተኚው ከሆነ ከሰጠሽ በኋላ ውሃ አጠጪው፣ ፋርማሲውንም ስኳር የሌለው አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ሌሊቱን እንዴት ታስተካክያለሽ? በአንድ ቀን ቁረጪ ብልሽ ሦስት ሌሊት ጮሆ በአራተኛው ትሸነፊያለሽ፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ ስኳሩን ተዪ፣ በየሁለት ቀኑ ትንሽ እየቀነስሽ በሳምንት ውስጥ ጨርሺው። ከዛ ወተቱን በውሃ እያቀጠንሽ ሂጂ፣ አንድ ሩብ ውሃ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ፣ መጨረሻ ላይ ውሃ ብቻ። ውሃ ብቻ ሲሆን አብዛኛው ልጅ ራሱ ይተወዋል። ጎን ለጎን ወተቱን አትከልክይው፣ በኩባያ ከእራት ጋር ይጠጣ፣ ከዛ ጥርሱ ይቦረሽ፣ ከዛ በኋላ እስኪነጋ ከውሃ በቀር ምንም። በዚ እድሜ ሌሊት ወተት ለሰውነቱ አያስፈልገውም፣ ጡጦ ራሱ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ መቆም ነበረበት። ሲነቃ የሚፈልገው ማባበያውን ነው፣ ስለዚ በቦታው ሌላ ነገር ስጪው፣ አቅፈሽው ጀርባውን እሺው፣ አሻንጉሊቱን ያቅፍ፣ ያው አንድ ነገር ይሁንና በየሌሊቱ አይቀያየር። አባትየው ቤት ካለ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እሱ ቢነሳ ይቀላል፣ አንቺን ሲያይ ጡጦው ነው ትዝ የሚለው።

መቦረሽ ላይ አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ብሩሹን ለልጁ ሰጥተሽ «ቦርሽ» ብቻ አትበይው። እስከ 7 ወይ 8 ዓመቱ ድረስ እጁ በደንብ አይታዘዘውም፣ እሱ ከተጫወተበት በኋላ አንቺ ትደግሚዋለሽ። በቀን 2 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ ያህል፣ የማታው ግን በምንም ምክንያት አይዘለል፣ እንቅልፍ ወስዶት ከሆነ እንኳ በእርጥብ ብሩሽ በትንሹ። ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ ጭንቅላቱን ጭንሽ ላይ አስተኚውና ከላይ ሆነሽ ቦርሺለት፣ ቆሞ ከፊት ለፊቱ ሆነሽ ከሆነ ከንፈሩን ብቻ ነው የምታሺው። የላይኛው ከንፈሩን ስትገልጪ መሃል ላይ ከንፈርና ድዱን የሚያገናኝ ቀጭን ሥጋ አለ፣ ብሩሹ እሱን ከነካው በጣም ያመዋል፣ ብዙ ልጆች «መቦረሽ እምቢ» የሚሉት በሱ ምክንያት ነው፣ ሌባ ጣትሽን እዛ ላይ አጋድመሽ ሸፍኚለት። ብሩሹ ትንሽ ጭንቅላትና ለስላሳ ፀጉር ያለው ይሁን፣ ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ትኩረት አድርጊ፣ የልጅሽ ችግር የጀመረው እዛው መስመር ላይ ነው። ድዱ ቢደማ አትፍሪ፣ የደማው ስላልተቦረሸ ተቆጥቶ ነው፣ በደንብ ከተቦረሸ በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ይተዋል። መንጋጋዎቹ ተጠጋግተው ከተነካኩ ደሞ መሃላቸውን ብሩሽ አያገኘውም፣ እዛ የጥርስ ክር ነው የሚገባው።

ፍሎራይድ መርዝ ነው ላለሽ ሰው መልሱ መጠኑ ላይ ነው። ፍሎራይድ የሚሰራው በዋናነት ጥርሱ ላይ ነው፣ የተሟሟው ማዕድን ሲመለስ አብሮ ይገባና ከበፊቱ ለአሲድ የማይበገር ያደርገዋል። ሳሙናው ቱቦ ላይ አንብቢ፣ የፍሎራይዱ መጠን 1000 ፒፒኤም (ppm ተብሎ የሚጻፈው መለኪያ) ወይ ከዛ በላይ መሆን አለበት። የካርቱን ስዕል ያለባቸው «የልጆች» የሚባሉ ሳሙናዎች አንዳንዶቹ ጭራሽ ፍሎራይድ የላቸውም፣ ወይ 500 ነው ያላቸው፣ ለተበላ ጥርስ እሱ አይበቃም። 3 ዓመት እስኪሞላ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል። ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ሙሉ የሚሞላው ለልጅ አይደለም። ሲጨርስ ይትፋ፣ በውሃ አይጉመጥመጥ፣ ትንሽ ቢቀርበት እሱ ነው ሌሊቱን የሚጠብቀው። በየቀኑ ብዙ የሚውጥ ልጅ ቋሚ ጥርሶቹ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሊወጣበት ይችላል፣ ለዛ ነው መጠኑ ትንሽ የሆነውና ቱቦው ልጁ የማይደርስበት ቦታ የሚቀመጠው። የምትጠጡት ውሃ ተፈጥሯዊ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ምክሩን በዛ ልክ ያስተካክለዋል።

«ይወድቃል ተይው» ላለሽ ደሞ፣ አዎ ይወድቃል፣ ግን መቼ? የፊቶቹ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ይወድቃሉ፣ መንጋጋዎቹ ግን ከ9 እስከ 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ልጅሽ 3 ነው። ቀዳዳ ባለው መንጋጋ ገና 6 ወይ 8 ዓመት ሊበላበት ነው። የወተት ጥርስ ኢናሜል ከቋሚው ግማሽ ያህል ቢወፍር ነው፣ ውስጡ ያለው ነርቭ ደሞ ትልቅና ለወለሉ ቅርብ ነው፣ ስለዚ በትልቅ ሰው ዓመታት የሚፈጀው በልጅ በወራት ነርቭ ጋ ይደርሳል። ነርቩ ሲሞት መግሉ ከስሩ ይወጣል፣ ከስሩ ታች ደሞ ቋሚው ጥርስ ገና እየተሰራ ነው ያለው፣ መግሉ ሲቆይ ያ ጥርስ ሲወጣ ጀምሮ ቡኒ ወይ ጎዶሎ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን ልጁን ያመዋል። በአንድ ጎን የሚያኝክ፣ ጠንካራ ምግብ እምቢ የሚል፣ ክብደት የማይጨምር፣ ተነጫናጭ የሚባል ልጅ ጥርሱ ከታከመ በኋላ ጸባዩ ሲቀየር ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ትንሽ ልጅ ጥርሴን አመመኝ አይልም፣ ሌላ ስሜት ስለማያውቅ የተለመደ ነገር ይመስለዋል።

የሌሊቱን ለቅሶ እስቲ ለይተሽ እዪልኝ፣ ህክምናውን የሚወስነው እሱ ነው። ጡጦውን ስትሰጪው ወዲያው ዝም ካለ ፈልጎ ነው የሚነቃው። ጡጦ ይዞም ካለቀሰ፣ ጉንጩን ከያዘ፣ ቀን ላይ ሳይበላ ሳይጠጣ ድንገት ካመመው፣ ነርቩ ራሱ ታሟል ማለት ነው። ጣፋጭ ወይ ቀዝቃዛ ሲነካው ብቻ አሞት ወዲያው የሚለቀው ከሆነ ነርቩ ገና ይድናል። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፣ ቀዳዳው ውስጥ ምግብ ተወትፎ ድዱን ሲጫነው ከባድ ሕመም ይሰጣል፣ በብሩሽ ሲወጣ ግን ይተዋል፣ ይሄኛው ነርቭ ሞተ ማለት አይደለም። ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ካየሽ፣ ባያመውም እንኳ፣ መግል መውጫ አግኝቶ ነው፣ ሕመሙ የጠፋው ነርቩ ስለሞተ እንጂ ስለዳነ አይደለም። እናቶች «ተሽሎት ነበር እኮ» የሚሉኝ እዚ ጋ ነው።

ወደ ህክምናው ስንመጣ ለፊት 4ቱ ጥርሶች መጀመሪያ የሚታየው መበላቱ እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል የሚለው ነው። ቢጫማ፣ ለስላሳና ደብዛዛ ከሆነ እየሄደ ነው፣ ጥቁር ቡኒ፣ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቆሟል ማለት ነው፣ ሌሊቱን ብቻ በማስተካከል እዛ ደረጃ የሚደርሱ አሉ። እየሄደ ከሆነና ነርቩ ካልታመመ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ አለ፣ ጥርሱ ይደርቅና በጥቂቱ ይቀባል፣ መርፌ የለም ቁፋሮ የለም፣ ደቂቃ ነው የሚወስደው። ውስጡ ያለው ብር (ሲልቨር የሚባለው ማዕድን) ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ፍሎራይዱ ያጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አስቀድመሽ ማወቅ ያለብሽ የተበላውን ቦታ በቋሚነት ጥቁር ያደርገዋል፣ ቆዳ ከነካ ደሞ ለጥቂት ቀን ያጠቁራል፣ ሐኪሙ ይሄን ሳይነግርሽ ከቀባው ትደነግጫለሽ። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር በኋላ ይደገማል። የብር አለርጂ ላለበትና መግል ለያዘ ጥርስ አይሆንም። ጥቁሩን ካልወደድሽው ልጁ ትንሽ ከፍ ብሎ መቀመጥ ሲችል በጥርስ ቀለም ባለው ማቴሪያል መሸፈን ይቻላል። እኔ ራሴ ጥቁር ሆኖ የቆመ ጥርስ ነጭ ሆኖ ከሚያመው ጥርስ ይሻለኛል፣ ግን የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

መንጋጋው ትንሽ ለየት ይላል። የወተት መንጋጋዎች ብዙ ጊዜ የሚበሉት ሁለቱ በሚነካኩበት ጎን በኩል ነው፣ ከውጭ ቀዳዳ ሲታይ ውስጡ ብዙ ሄዷል፣ ለዛ ነው ራጅ የሚነሳው (የጥርስ ራጅ ጨረሩ በጣም ትንሽ ነው፣ አትፍሪው)። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ በእጅ መሳሪያ ብቻ የላላውን አውጥቶ ግላስ አዮኖመር በሚባል ፍሎራይድ በሚለቅ ሙሌት መድፈን ይቻላል፣ ይሄ ዘዴ እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ መብራትና ማሽን በሌለበት ቦታ ተጀምሮ ነው ዓለም የተቀበለው። ሁለት ጎን የያዘ ቀዳዳ ላይ ግን ሙሌት ቶሎ ይወልቃል፣ እዛ ላይ የተዘጋጀ የብረት ክራውን፣ ጥርሱን ሙሉ እንደ ቆብ የሚከድነው፣ ይሻላል። ስኮትላንድ ውስጥ ኖርና ሆል የምትባል የጥርስ ሐኪም የተበላውን ሳትቆፍርና ማደንዘዣ ሳትወጋ ክራውኑን በማጣበቂያ ሞልታ ጥርሱ ላይ ትከድነው ነበር፣ እ.ኤ.አ በ2006 የሥራዋ ውጤት ሲታተም ብዙዎቻችን መጀመሪያ አላመንነውም፣ የተማርነው ሁሉ ቆፍራችሁ ጨርሳችሁ አውጡ የሚል ነበር። ነገሩ ግን ቅድም ካልኩሽ ጋር ይገጥማል፣ ባክቴሪያው ስኳር እንዳያገኝ ተዘግቶበት ከተቀመጠ ይራባል፣ አሲድ አያመርትም፣ መበላቱ ይቆማል። የሚሆነው ነርቩ ላልታመመ ጥርስ ነው። ክራውኑ መጀመሪያ ቀን ላይ ሲነክስ ከፍ ይልበታል፣ በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል፣ ጥርሱ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

ነርቩ የላይኛው ክፍል ብቻ ከታመመ ያንን ክፍል አውጥቶ፣ መድኃኒት አድርጎ፣ በክራውን መክደን ይቻላል። ስሩ ድረስ ከሞተና መግል ከያዘ ወይ ሙሉ የነርቭ ህክምና ወይ መንቀል ነው። መንቀል ክፉ አይደለም፣ አንዳንዴ ትክክለኛው እሱ ነው፣ «ሁሉንም አስነቅለሽ ተገላገይ» የሚለው ነው ስህተቱ። መንጋጋ ከተነቀለ 6 ዓመት አካባቢ የሚወጣው ቋሚ መንጋጋ ወደፊት ተንሸራቶ ቦታውን ይይዝበታል፣ በኋላ የሚወጣው ጥርስ መግቢያ ያጣና ጠማማ ይሆናል። ስለዚ መንጋጋ ሲነቀል «ቦታውን የሚጠብቅለት ነገር ያስፈልገዋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ትንሽ የብረት ቀለበት ነው። የፊቶቹ ቢነቀሉ ግን ቦታው ብዙም አይጠፋም። ብዙ ጥርስ ተበልቶ ልጁ ወንበር ላይ መቆየት ካልቻለ በሙሉ ሰመመን አንዴ መስራት አለ፣ እሱ ራሱን የቻለ አደጋና ዝግጅት አለው፣ ከሱ በኋላም ጡጦው ካልቆመ ጥርሱ ተመልሶ ሲበላ አይቻለሁ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ሲያመው ፓራሲታሞል ስጪው፣ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ ማለትም 14 ኪሎ ከሆነ ከ140 እስከ 210 ሚሊግራም፣ በ4 ወይ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥ። የሽሮፑ ጥንካሬ ይለያያል፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ፋርማሲው ያስላልሽ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፣ ኪኒን ፈጭቶ ቀዳዳው ላይ ማድረግም ድዱን ያቃጥላል እንጂ አያስታግስም። ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አትስጪው፣ አንቲባዮቲክ የታመመ ነርቭን አያድንም፣ ቀዳዳውንም አይደፍንም፣ የሚያስፈልገው እብጠት ሲሰራጭ ወይ ትኩሳት ሲኖር ነው፣ ያኔም የጥርሱ ህክምና አብሮት መሰራት አለበት። ፊቱ ወይ አገጩ ስር ካበጠ፣ እብጠቱ ወደ አይኑ ከሄደ፣ ትኩሳት ከያዘው፣ መዋጥ ወይ አፉን መክፈት ካቃተው፣ ምራቁን ካዝረበረበ፣ ትንፋሹ ከከበደው ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂው።

ቀጠሮው ጠዋት ይሁን፣ በልቶ እንቅልፉን ጠግቦ። ቤት «መርፌ አይወጉህም፣ አያምህም» ብለሽ አትንገሪው፣ ልጅ ከዛ ውስጥ የሚሰማው መርፌና ሕመም የሚለውን ብቻ ነው፣ ደሞ ቢወጋ አንቺን ማመን ያቆማል። «ሐኪሟ ጥርሶችህን ትቆጥራለች» ይበቃል። ሲታይ ቢያለቅስ አትፈሪ፣ አንቺና ሐኪሙ ጉልበት ለጉልበት ገጥማችሁ ትቀመጡና ልጁ ፊቱን ወዳንቺ አድርጎ ጭንሽ ላይ ይቀመጣል፣ ከዛ ጭንቅላቱን ወደ ሐኪሙ ጉልበት ታጋድሚዋለሽ፣ ሲያለቅስ አፉን ይከፍታል፣ በሁለት ደቂቃ ታይቶ ያልቃል። ከዛ በኋላ በየ3 ወሩ ይምጣ፣ እንደሱ የተበላበት ልጅ በዓመት አንዴ አይበቃውም፣ በመጣ ቁጥር ፍሎራይድ ቫርኒሽ (ጥርስ ላይ የሚቀባ ፍሎራይድ ያለው ቅባት) ይቀባለታል። 6 ዓመት ሲጠጋው ደሞ ከሁሉም የወተት ጥርሶች ኋላ የሚወጣውን መንጋጋ ጠብቂ፣ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ስለሚወጣ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፣ ቋሚ ነው፣ ሌላ አይተካውም። እሱ እንደወጣ ሽንቁሮቹን በማሸጊያ ማስደፈን ነው።

ታናሽየዋ ላይ ገና ምንም አልረፈደም። በሁለቱ ጥርሷ ላይ ከዛሬ ማታ ጀምሮ የሩዝ ፍሬ በምታህል ሳሙና ቦርሺላት፣ 1 ዓመት ሳይሞላት አንዴ ሐኪም ይያት። ጡት ካጠባሻት አጥቢ፣ ቢያንስ እስከ 1 ዓመት ጡት ጥርስ አይጎዳም፣ ከዛ በኋላ ግን ሌሊቱን ሙሉ አፏ ውስጥ ይዛ እንዳታድር፣ ማታ የተቦረሸ ጥርስ ይኑራት። የአንቺም የተበላ ጥርስ ካለ አሳክሚው፣ ባክቴሪያው በምራቅ ካንቺ ወደሷ ያልፋል፣ ማንኪያዋን በአፍሽ አትቅመሺላት። በወር አንዴ መስኮት አጠገብ ይዘሻት የላይኛው ከንፈሯን ገልጠሽ በጨርቅ ጥርሷን አድርቀሽ እዪ፣ የላይኞቹ ሲወጡ ድዷ አጠገብ ኖራ የመሰለ ደብዛዛ ነጭ መስመር ካየሽ ያ የመጀመሪያው ምልክት ነው፣ ገና ቀዳዳ አልሆነም፣ በብሩሽና በቫርኒሽ ተመልሶ ሊድን ይችላል። ያንን ካየሽ የወንድሟ ቀጠሮ ቀን እሷንም ይዘሻት ሂጂ።